ግራጫው ቦርሳና ሦስተኛው ጥሪ

በዚያ እሑድ ተራራው ላይ አራት ሰዎች ነበርን። አንድ በአንድ ልጥራቸው።

አንደኛው ጋሽ ከድር ናቸው። ኮልፌ ውስጥ የቧንቧ ዕቃና ቆርቆሮ ይሸጣሉ። ስኳር ሲገኝባቸው ሐኪሙ “እርምጃ ያብዙ” አላቸው፤ እሳቸው እርምጃ የሚለውን ተራራ ብለው ተረጎሙት። ሁለተኛዋ ሐያት ናት፤ የጋሽ ከድር ልጅ፣ ዘነበወርቅ አካባቢ መድኃኒት ቤት የምትሠራ። አባቷ ስኳራቸው መንገድ ላይ እንዳይወርድባቸው ብላ አብራቸው መውጣት ጀመረች፤ ኋላ ከእሳቸው ባሰች። ሦስተኛው ተረፈ ነው፤ የሚኒባስ ሾፌር። እሑድ ጠዋት ታክሲውን ከሥራ አስወጥቶ እኛን ይጭናል፤ አፉ ግን ከሥራ አይወጣም። አራተኛው እኔ ነኝ፤ ዘሪሁን እባላለሁ። ከእነዚህ ሌላ ሰው አልነበረም። ለረጅም ጊዜ እርግጠኛ ሆኜ ስናገር የኖርኩት እንደዚያ ነው።

ስለ ቦርሳዬም አስቀድሜ መናገር አለብኝ። ያለ እሱ የሆነው ነገር አይገባችሁም።

ያኔ ኮልፌ ገበያ ጀርባ ባለች አንዲት ጠባብ ቤት ቦርሳ እሰፋ ነበር። የተማሪ ቦርሳ ነው የምንሠራው፤ ወፍራም ሸራ፣ ወፍራም ስፖንጅ፣ ቶሎ የሚበላሽ ዚፕ። ጥሩ ቦርሳ ማለት ከባድ ቦርሳ ነው ብዬ አምን ነበር፤ ደንበኞቹም በእጃቸው መዝነው ከበድ ሲላቸው ነው የሚገዙት። አንድ ቀን ሰፈራችን የልባሽ ልብስ ቦንዳ ሲፈታ ከጫማና ከጃኬት መሀል አንድ ግራጫ ነገር ወጣ። ሻጩ የዝናብ ልብስ መስሎት ሲያራግፈው ሁለት ማንገቻ ተንጠለጠለ።

“ይኼ ደግሞ አጥንት የሌለው ቦርሳ ነው” ብሎ ወረወረልኝ።

ያዝኩት። የያዝኩ አልመሰለኝም። ጨርቁ ቀጭን ነው፤ ግን በትንንሽ አራት ማዕዘን ወፈር ያለ ክር ገብቶበታል፤ ቢቀደድ እንኳ ቀዳዳው ከአንዷ ሳጥን አያልፍም። ጀርባው ላይ ብረትም እንጨትም የለውም። በእሱ ፋንታ የታጠፈ ስፖንጅ በኪስ ውስጥ ገብቷል፤ መዝዘህ ስታወጣው መቀመጫ ይሆናል። ወገቡ ላይ ቀበቶ የለውም። አፉ በገመድ ይሰበሰባል። ቤት ወስጄ ወለል ላይ ዘረጋሁትና ስፌቱን በጣቴ ተከተልኩት። የት ላይ ሁለት ጊዜ እንደተሰፋ፣ የት ላይ ታጥፎ እንደተሰፋ፣ የት ላይ የሰፋው ሰው ክር ቆጥቦ እንዳለፈ አየሁ። ትምህርቴን አስረኛ ክፍል ላይ አቁሜያለሁ። ከዚያ በኋላ የተማርኩት አብዛኛው ነገር እንዲህ ወለል ላይ ተዘርግቶ ነው።

ቆይቼ በስልኬ ፈልጌ አነበብኩ። ወር ሙሉ በእግራቸው የሚጓዙ ሰዎች የሚይዙት ዓይነት ነው። እነሱ ዘንድ ያለው ሕግ ይኼ ነው፤ አንድ ዕቃ ሁለት ሥራ ካልሠራ አይያዝም። ስፖንጁ ጀርባም መቀመጫም ነው። ቦርሳው ራሱ ሲራገፍ ሰው እግሩን እስከ ወገቡ ከትቶበት ከብርድ ይሸሸግበታል። ይኼን ሳነብ ፈገግ ማለቴ ትዝ ይለኛል።

ከዚያ ወዲህ ከጀርባዬ አልወረደም። ዳቦ፣ የእናቴን መድኃኒት፣ ከሥራ የተረፈ ጨርቅ፣ አንዴ እንዲያውም የታመመች ድመት ተሸክሜበታለሁ። ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ ውስጡ የተቀባው ላስቲክ እንደ ፎረፎር መርገፍ ጀመረ። የታችኛው ጥግ ሳሳ፤ ጠገንኩት። የግራ ማንገቻው ስፌት ለቀቀ፤ እሱንም ጠገንኩት። ከጋሽ ከድር ጋር ተራራ መውጣት የጀመርኩትም በእሱ ሰበብ ነው። አንድ ቀን ሱቃቸው ቧንቧ ልገዛ ገብቼ ቦርሳውን ሲያዩ “ይኼን የተሸከመ ሰው ወጨጫ ተራራን ካልወጣ ነውር ነው” አሉኝ።

ያ እሑድ ዝናቡ መግባት በጀመረበት ወቅት ነበር። ኮልፌ ፌርማታው ላይ ገና ተራ አስከባሪዎቹ ሳይሰበሰቡ ተገናኘን። ከቆሼ፣ ከቆሻሻው ክምር በኩል የሚመጣው ነፋስ የተለመደውን ሽታ ይዟል፤ ማንም ግን አላነሳውም። ተረፈ በሩን ከፍቶ እያየኝ ሳቀ።

“ፌስታሉን ይዞ መጣ።”

“ፌስታል አይደለም” አልኩ።

“ይቅርታ። የታጠበ ፌስታል።”

“አንተ ምን ይዘሃል?” አለችው ሐያት። ተረፈ ከወንበር ሥር አንድ የወታደር የሚመስል ትልቅ ቦርሳ ጎትቶ አሳያት።

“ምሳ ነዋ። ውሃ። ጃኬት። ጎማ መንፊያ።”

“ጎማ መንፊያ ተራራ ላይ ምን ይሠራል?”

“አባትሽ ከደከሙ እነፋቸዋለሁ።”

ጋሽ ከድር ከፊት ወንበር ሆነው ዘወር ሳይሉ “ንዳ አቦ” አሉ። “አንተ ራስህ መተንፈስ የሚያስፈልግህ ሰው ነህ።”

እንደዚህ ነበር የሄድነው። አወጣጡ ላይ የምነግራችሁ የተለየ ነገር የለም። ጽዱን አለፍን፤ ከጽዱ በላይ የአስታ ቁጥቋጦ ብቻ የሚበቅልበት ገላጣ ላይ ደርሰን ምሳ በላን። ሰማዩ ክፍት ነበር። ከተማው ከሩቅ ይታያል፤ ጋሽ ከድር ከዚያ ሁሉ ቆርቆሮ መሀል የሱቃቸውን ለማግኘት ዓይናቸውን አጥብበው ይፈልጋሉ። ሐያት የእኔ ስልክ ካሜራው ይሻላል ብላ ወሰደችና ፎቶ አነሳችን። ከዚያ ኪሷ ከተተችው። እኔም አልጠየቅኋትም።

ጉሙ የመጣው ልንነሳ ስንል ነው። ከምዕራብ በኩል በአስታው መሀል ዝቅ ብሎ እንደ ውሃ ገባ። ጋሽ ከድር ተነስተው “በሉ፣ ሳይዘጋን” አሉ። መውረድ ጀመርን። ተረፈ ከፊት፣ ሐያት ከኋላው፣ ከዚያ አባቷ፣ እኔ መጨረሻ። ሁልጊዜም መጨረሻ ነኝ። ዝም ስለምል መኖሬና አለመኖሬ በድምፅ አይለይም፤ ጓደኞቼም ይኼን ለምደውታል።

ጽዱ ጋ ስንደርስ በረዶ መጣ። ትንንሽ ነው፤ ግን ቅጠሉ ላይ ሲወርድ የሚያሰማው ድምፅ ሌላውን ሁሉ ይሸፍናል። በዚያ መሀል የግራ ማንገቻዬ፣ ያ እኔ የጠገንኩት ስፌት፣ ቀስ ብሎ ሲለቅ ትከሻዬ ላይ ተሰማኝ። ዛፍ ሥር ተጠግቼ በገመድ አሰርኩት። ብዙ አልቆየሁም። ቀና ስል ግን መንገዱ ነጭ ሆኗል፤ ሰውም የለም። ከፊቴ ሁለት የቀጠኑ መንገዶች ነበሩ። የግራውን ያዝኩ። ያ እንጨት ለቃሚዎች የሚሄዱበት መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው።

ትንሽ እንደሄድኩ መሬቱ ከእግሬ ሥር ሄደ። በጀርባዬ ተንሸራትቼ ቦረቦር ውስጥ ወረድኩ፤ ድንጋይ ላይ ያረፍኩት በቦርሳው ነው። ስፖንጁ ባይኖር ኖሮ ጀርባዬ ይሆን የነበረውን አላውቅም። ቀኝ እግሬ ግን ሁለት ድንጋይ መሀል ገብቶ ዞረ። ድምፁን ሰማሁት። ለመነሳት ሞከርኩ፤ ዓይኔ ጨለመብኝ፤ ተቀመጥኩ።

ከላይ ያለው ጉም እንጂ ሰማይ አይደለም። በረዶው ሲያቆም ጸጥታው ከባድ ሆነ። ልብሴ በስብሷል፤ ጥርሴ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ያን ጊዜ ያነበብኩት ሁሉ ትዝ አለኝ። ቦርሳውን አራገፍኩ። ስፖንጁን መዝዤ ተቀመጥኩበት። ሁለቱን እግሮቼን አንድ ላይ፣ የተጎዳውን እያቃሰትኩ፣ ቦርሳው ውስጥ ከተትኩና ገመዱን ወገቤ ላይ ሰበሰብኩት። የዝናብ ላስቲኬን ከላይ ተከናነብኩ። ከብዙ ጊዜ በፊት ፈገግ ያሰኘኝ ነገር አሁን የነበረኝ ብቸኛ ቤት ነው።

ከዚያ የመጀመሪያው ጥሪ መጣ።

“ዘሪሁን።”

የተረፈ ድምፅ ነው። ወይም የተረፈ ይመስላል። የመጣው ግን ከታች ሳይሆን ከላይ፣ እነሱ ሊሆኑ ከማይችሉበት አቅጣጫ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ጠራ። ከዚያ ጸጥ።

አፌን ከፈትኩ። ድምፅ ግን አላወጣሁም።

እዚህ ጋ ቆም ብዬ ስለ እናቴ ልንገራችሁ። እናቴ ከካፋ ናት። ጫካ ዳር ነው ያደገችው። እኛን ዘነበወርቅ ስታሳድግ ከዚያ ጫካ ይዛ የመጣችው አንድ ሕግ ነበር። ስምህን ሰው ሲጠራ ሦስት ጊዜ ሳይደግም አቤት አትበል። ሰው ከሆነ ይደግማል፤ ሰው ያልሆነው ነገር አንዴ ይጠራል፤ ቢበዛ ሁለቴ። አቤት ካልከው ግን ድምፅህን ተቀብሎሃል፤ ይዞህ ይሄዳል። ሌሎች እናቶች ልጃቸው በመጀመሪያው ጥሪ ካልመጣ ይቆጣሉ። የእኔ እናት የምትቆጣው በመጀመሪያው ከመጣሁ ነበር። ከማድ ቤት ሆና “ዘሪሁን” ትላለች፤ ዝም። “ዘሪሁን” ትላለች፤ ዝም። ሦስተኛው ላይ “አቤት” ስል ሳቅ ያለበት ድምፅ ይሰማኛል፤ “ጎበዝ” ትላለች።

የምትስቁ አላችሁ። እኔም ከተማ ውስጥ ብሆን እስቅ ነበር። ግን ጉም ውስጥ ብቻህን ስትሆን ምላስ የሚታዘዘው ያነበብከውን አይደለም። መጀመሪያ የለመደውን ነው።

ሁለተኛውን ጥሪ ጠበቅኩ። የመጣው የሐያት ድምፅ ነው፤ ከቀኝ በኩል፤ አንድ ጊዜ። “ዘሪሁን።” ከዚያ እንደገና ዝምታ፤ የሚያዳምጥ ዝምታ። ቆይቶ የጋሽ ከድር ጎርነን ያለ ድምፅ፤ እሱም አንድ ጊዜ። ሦስት ጥሪ ሆነ። ግን ሦስት ድምፅ ነው። ሦስት ሰው አንድ አንድ ጊዜ ሲጠራ ሦስት ይባላል ወይስ አንድ? እናቴ ይኼን አላስተማረችኝም። እውነቴን ነው፤ እዚያ ተቀምጬ፣ እግሬ ተሰብሮ፣ ይኼን ነበር የማሰላው። አንድ ነገር የጓደኞቼን ድምፅ አንድ በአንድ እየለበሰ የሚሞክረኝ መሰለኝ።

ዙሩ እንደገና መጣ። ተረፈ፤ አንድ ጊዜ። ከላይ ጠጠር ተንከባለለ፤ ሰው ቅርቤ ነበር። ትንፋሼን ያዝኩ። ይድገመው፤ አንዴ ብቻ ይድገመው እያልኩ ከንፈሬን ነከስኩ። አልደገመም። እርምጃው ሄደ።

ሰዎች መሆናቸው የገባኝ እርምጃው ሲርቅ ነው። ሰው ያልሆነ ነገር ጠጠር አያንከባልልም። ያን ጊዜ ጮኽኩ፤ “እዚህ ነኝ” አልኩ፤ ደጋግሜ አልኩ። በረዶው ተመልሶ መጥቶ ቅጠሉ ላይ ይጨፍር ጀመር። እኔ ራሴ እንኳ አልሰማሁትም። ድምፄ እስኪያልቅ ጮህኩና ዝም አልኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት በትክክል መናገር አልችልም፤ ሁሉን ነገር በትክክል መናገር ለምወድ ሰው ይኼ ከባድ ነው። መንቀጥቀጤ ቆመ። ደህና የሆንኩ መሰለኝ። ሐያት በኋላ እንደነገረችኝ መንቀጥቀጥ ሲቆም ነው የሚያስፈራው። ከወገቤ በታች ቦርሳው ውስጥ ትንሽ ሙቀት ነበር፤ ከወገቤ በላይ የራሴ አይመስለኝም። እንቅልፍ መጣ፤ ጥሩ እንቅልፍ። በረዶውም ቆመ። ከቅጠል የሚንጠባጠብ ውሃ እንኳ አይሰማም።

“ዘሪሁን።”

ጩኸት አይደለም። ማንም ተራራ ላይ እንደዚያ አይጣራም። ከማድ ቤት ወደ ግቢ እንደሚጠራ፣ ሰሚው ቅርብ መሆኑን እንደሚያውቅ ሰው ነው። የሴት ድምፅ ነው።

ዝም አልኩ።

“ዘሪሁን።” ያው ድምፅ፣ ከያው ቦታ።

ዓይኔን ገለጥኩ። ጉም ብቻ ነው።

“ዘሪሁን።” ሦስተኛው ላይ ትንሽ መሰልቸት ነበረው፤ ምግብ እየቀዘቀዘበት እንደሚጠራ ሰው።

“አቤት” አልኩ።

ያ ያለቀ ድምፅ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ቦረቦሩን ሞላው። ወዲያው ከላይ “እዚያ ነው፤ እዚያ ነው” የሚል የጋሽ ከድር ድምፅ ሰማሁ፤ ቁጥቋጦ ሲሰበርም ሰማሁ። በዚያ ዕድሜያቸው ገደሉን በመቀመጫቸው እየተንሸራተቱ ወረዱ። ሐያት ከኋላቸው።

ጋሽ ከድር አጠገቤ ሲደርሱ የሚያቅፉኝ መሰለኝ፤ እሳቸው ግን ቆመው ቦርሳ ውስጥ ያለውን እግሬን ያያሉ።

“እዚህ ነበርክ?”

“አዎ ጋሼ።”

“እኔ ከላይ ቆሜ ይኼን አይቼዋለሁ። ድንጋይ ነው ብዬ አለፍኩት።” ጎንበስ ብለው ግራጫውን ጨርቅ በእጃቸው ነኩት፤ ድንጋይ አለመሆኑን የሚያረጋግጡ ይመስል።

ሐያት ጃኬቷን አውልቃ አለበሰችኝና ጣቶቼን መጨመቅ ጀመረች። “ስንጠራህ አልሰማህም እንዴ?” አለች። ሹክሹክታ ነው፤ ድምፅዋ ተዘግቷል።

“ሰምቻለሁ።”

“ታዲያ?”

“አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የምትጠሩኝ። ሦስተኛውን እየጠበቅኩ ነበር።”

“የምን ሦስተኛ? ተራ በተራ እየጠራን ነበር። አንድ ሰው አንዴ ይጥራ፣ ከዚያ ሁላችንም ዝም ብለን እናዳምጥ ያለው አባዬ ነው።”

ጋሽ ከድር “ሁላችንም ብንጮህ መልሱን በምን እንሰማዋለን ብዬ ነው” አሉ። ትክክል ናቸው። ማንም ቢጠየቅ ይኼን ነው የሚመክረው።

“አሁን ግን ሦስት ጊዜ ስትጠሪኝ ወዲያው መለስኩ” አልኳት።

ሐያት እጄን መጨመቅ አቆመች። “ማን ጠራህ?”

“አንቺ። ሌላ ሴት የለችማ።”

“ድምፄን እየሰማኸው? በዚህ ነው የምጠራህ?”

አባቷን አየች። ጋሽ ከድር አንገታቸውን ነቀነቁ። “መጥራት ካቆምን ቆይተናል፣ ልጄ። ተረፈን ሰው እንዲጠራ ወደ መንደር ሰድደን እኛ ከላይ መንታው መንገድ ላይ ቁጭ ብለን ነበር። ዝም ብለን። አንድም ነገር አልተሰማንም። አንተ አቤት ስትል ነው የሰማንህ።” ከዚያ ቀስ ብለው ጠየቁኝ፤ “ለማን ነው አቤት ያልከው?”

እሳቸው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ የሆነ ነገር ደገሙና “ይኼን ወሬ ከዚህ ከወረድን በኋላ” አሉ።

ተረፈ ሁለት ገበሬዎች ይዞ መጣ፤ በሁለት እንጨትና በጋቢ ቃሬዛ ሠርተው አወረዱኝ። መኪናው ውስጥ ከተማው ሲጀምር ተረፈ በመስታወቱ አየኝና “ሰው ፌስታል ውስጥ ገብቶ ሲገኝ አንተ የመጀመሪያው ነህ” አለ። ማንም አልሳቀም፤ እሱም አልሳቀም።

ቁርጭምጭሚቴ ተሰብሮ ጀሶ ተደረገልኝ። ቤት የገባሁት ከመሸ በኋላ ነው። እናቴ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ሁሉንም አስወራችኝ። ጥሪዎቹን ስነግራት በጣቷ እየቆጠረች ትሰማለች። ተረፈ፣ ሐያት፣ ጋሽ ከድር፣ እያንዳንዱ ላይ “አላልክም አይደል?” ትላለች። “አላልኩም” እላለሁ። የመጨረሻው ላይ ደረስኩ።

“ሦስት ጊዜ ጠራህ?”

“ሦስት ጊዜ።”

“አቤት አልክ?”

“አልኩ።”

ለሕጓ በመታመኔ ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ፊቷ ግን አልተፈታም።

“ድምፁ የማን ይመስላል?”

መናገር አልነበረብኝም ይሆናል። ግን ነገርን በትክክል መናገር ልማዴ ነው። “ያንቺን” አልኳት።

እናቴ እጇን ከብርድ ልብሱ ላይ አነሳች። “እኔ አልጠራሁህም” አለች። “ቤት ነው የዋልኩት። ስምህን ዛሬ ከአፌ አላወጣሁም።”

“ጆሮዬ ይሆናላ፣ እማዬ። ሐያት ብርድ ሲበረታ እንደዚያ ያሰማል ብላለች።”

“ይሆናል።” ተነሳች፤ በሩ ጋ ደርሳ ቆመች። “ሦስት ጊዜ የሚጠራው ሰው ብቻ ነው ብዬ ነው ያሳደግኩህ። አሁን እኔ ብጠራህ፣ እኔ መሆኔን በምን ታውቃለህ?”

ከዚያ ቀን ወዲህ እናቴ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም።

ሌላው ሁሉ እንደ ድሮው ነው። ታበላኛለች፤ ትቆጣኛለች፤ ሲያመኝ አጠገቤ ትሆናለች። ስትፈልገኝ ግን እኔ ያለሁበት ድረስ መጥታ ትከሻዬን ትነካለች። ስልክ ስትደውል “እኔ ነኝ” ብቻ ትላለች። ለጎረቤት ስታወራ “ልጁ” ነኝ። ጀሶው ሲፈታ ጠበል ወሰደችኝ፤ ቄሱ የክርስትና ስሜን ሲጠሩ ፊቷን አዞረች። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት “ያ ነገር ድምፄን ያውቀዋል። እኔ በጠራሁህ ቁጥር ደግሞ እንዲማር አልፈልግም” አለችኝ። ስሜ ከቤታችን ወጥቷል። ሌላ ሰው ሲጠራኝ እሷ ቀና ብላ ማን እንደሆነ ታያለች።

እናንተ ይኼን የምታነቡ፣ ከዚህ ምን እንደምትወስዱ አላውቅም። እኔ የወሰድኩትን ልንገራችሁ። አሁን በመጀመሪያው ጥሪ አቤት እላለሁ። ታክሲ ውስጥ አንዱ በስልክ ሌላ ዘሪሁን ሲጠራ እኔ እመልሳለሁ፤ ሰው ይስቃል፤ ይሳቅ። ጓደኞቼ በሙሉ ድምፃቸው ሲጠሩኝ ዝም ብዬ የተቀመጥኩበትን ያን ዝምታ ሁለተኛ መስማት አልፈልግም። ከቡድን ጋር የምትወጡ ከሆነ ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት እንዴት እንደምትጠራሩ ተስማሙ። አንድ ድምፅ፣ ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ ማዳመጥ። እኛ አሁን የምናደርገው እንደዚያ ነው። ከመካከላችሁ ማን በምን ሕግ እንዳደገ አታውቁም።

ቦርሳው አሁንም አለ። ብዙ ሰው ለምን አትቀይረውም ይለኛል። ውስጡ መርገፉን ጨርሷል፤ አሁን ውሃ ያስገባል። የግራውን ማንገቻ ከሥሩ ፈትቼ ታጥፎ እንዲሰፋ አድርጌ እንደገና ሰፍቼዋለሁ። የመንገድ ሠራተኞች ከሚለብሱት ሰደርያ ላይ ብርቱካናማ ጨርቅ ቆርጬ ጀርባው ላይ ለጥፌበታለሁ፤ ድንጋይ እንዳይመስል። ከተማሪ ቦርሳው ቤት ወጥቼ አሁን እንደ እሱ ያሉ ቀላል ቦርሳዎችን ራሴ እሰፋለሁ፤ ብርቱካናማ ጨርቅ የሌለው አልሸጥም። የሚገርመው ግን እሱን ስይዘው አሁንም ክብደት የለውም። በዚያ ሁሉ ዓመት የተሸከምኩበት ነገር ምንም ያልጨመረበት ይመስላል።

ይኼን የጻፍኩት ግን ስለ ቦርሳ ለማስተማር አይደለም። እዚያ ለነበሩት ሦስቱ ነው።

ጋሽ ከድር፣ “ከላይ ቁጭ ብለን አንድም ነገር አልተሰማንም” ብለውኛል። ከእኔ አቤት በፊት፣ ያላስተዋሉት ትንሽ ነገር፣ የራስዎ ከንፈር እንኳ ስሜን ጠርቶ ከሆነ ያስታውሱልኝ። ሐያት፣ ድምፅሽ ተዘግቶ ነበር፤ አውቃለሁ። ግን የተዘጋ ድምፅ ቀስ ብሎ ይጠራል፤ ሳታስቢው ለራስሽ ደጋግመሽው ይሆን? ተረፈ፣ አንድ ቀን ታክሲህ ውስጥ፣ “ያን ቀን ወደ መንደር ስወርድ እንጨት የተሸከመች ሴት በግራው መንገድ ስትሄድ ያየሁ ይመስለኛል” ብለኸኝ ነበር። ኋላ ስጠይቅህ ጨዋታውን አዞርከው። አይተሃት ከሆነ ንገረኝ፤ ልጇ ዘሪሁን የሚባል ሴት እስካገኝ ያን ተራራ መንደር ለመንደር እዞረዋለሁ።

እኔን ለማጽናናት ብላችሁ ግን አትናገሩ። እውነት ከሆነ ብቻ አንድ እሑድ ዘነበወርቅ ቤታችን ኑ። አትግቡ፤ በሩ ላይ ቁሙና በዚያን ቀን እንደጠራችሁት አድርጋችሁ ስሜን ሦስት ጊዜ ጥሩ። በዚያች ሰዓት እኔ አቤት አልልም። እናቴ አጠገብ ተቀምጬ፣ የዚያን ቀን ጠሪ ሰው እንደነበር ስትሰማ ፊቷን አያለሁ።